በባዶ እጅ ቡና ማፍላት፦ ያለ እቃ ለሚሠራ ቴአትር ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ሁኑ ባሕር ዳር፣ የቴአትር ክበብ ወይም የኪነት ቡድን ውስጥ ካላችሁ ይኼ ጥያቄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። እቃው ከየት ይምጣ? አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ምጣዱ፣ በሩ። ገንዘብ የለም። እቃ የሚያመላልስ መኪና የለም። አዳራሹም የሚገኘው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ለአንድ ቀን ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ጥሩ ድርሰት ሳይታይ ይቀራል።

እቃውን ተዉት። ጥቂት ወንበር፣ ምናልባት አንድ ሁለት ጠረጴዛ፣ የተዋናዩ ልብስ፤ ሌላው ሁሉ በእጅ ይሠራ። ይኼ የቸገረው ሰው ማምለጫ አይደለም። አሜሪካዊው ቶርንተን ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1938 ለመድረክ ባበቃው «የእኛ ከተማ» በተባለው ተውኔት ሁለት እናቶች በባዶ እጃቸው ቁርስ ይሠራሉ። ወተት አመላላሹ የማይታይ ፈረስ እየሳበ ይመጣል። በመጨረሻው ገቢር ደግሞ ወንበሮቹ መቃብር ይሆናሉ፣ ሙታኑም እዚያው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ደራሲው በዚሁ ሥራ በአሜሪካ ትልቅ ክብር ያለውን የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። እቃ የሌለው ሆን ተብሎ ነው። እቃው ሲነሳ ሰዎቹ ይጎላሉ።

እኛም ብንሆን እቃቃ ተጫውተን ያደግን ነን። ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ ሲሆን ማንም «ይኼ እኮ ቅጠል ነው» ብሎ አልተከራከረም። ልጆቹ የሚያምኑት ቅጠሉን አይተው አይደለም። የምታቀርበዋ ልጅ ከልቧ ስለምታቀርብ ነው።

እዚህ ጎጃም ውስጥ ግን ሥራው አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው። ተመልካቹ ሥራውን ያውቀዋል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰዋል። ዕርፉን በሁለት እጃችሁ ጨብጣችሁ ብትታዩ «ጅራፉን ታዲያ ማን ያዘለት?» ማለታቸው አይቀርም። ከኋላ ያሉት እናት በቀን ስንት ጊዜ ቡና እንዳፈሉ እሳቸው ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ተመልካች ዝም ብሎ አይታለልም። አንዴ ካመነ ግን ከእናንተ በላይ እቃውን የሚያየው እሱ ነው፤ ሽታው ሁሉ ይመጣለታል።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ከታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። እቃውን ለማሳየት አትሞክሩ። በእቃው ሥሩበት። ፊቱን ነጭ ተቀብቶ የሌለ ግድግዳ የሚዳስሰው ማይም፣ ያለ ቃል በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ የሚጫወተው ማለቴ ነው፣ ሌላ ጥበብ ነው፤ እሱ ሲሠራ የምናደንቀው እጁን ነው። እናንተ ግን ታሪክ ልትነግሩ ነው የወጣችሁት። ተመልካቹ እጃችሁን ካደነቀ ታሪኩን ትቶታል ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደሚኖርና ምን እንደማይኖር ቁረጡ

ድርሰቱን ይዛችሁ ተቀመጡና እጅ የሚነካውን ነገር ሁሉ መዝግቡ። ስኒ፣ ደብዳቤ፣ የበር መቀርቀሪያ፣ ስልክ፣ ብር፣ ዱላ፣ ሁሉንም። ከዚያ እያንዳንዱ ላይ ወስኑ፤ በእውን ይኖራል፣ በእጅ ይሠራል፣ ወይስ ይሰረዛል?

እኔ የምመክረው ቀላል ሕግ ነው። የሚቀመጡበት ነገር ይኑር። የሚለበስ ነገር ይኑር። በእጅ የሚያዝ ነገር አይኑር። በቃ። ነጠላውና ጋቢው እውነተኛ ይሁን፣ ጀበናው አይኑር። ሕጉን ከቆረጣችሁ በኋላ ደግሞ እንዳታፈርሱት። አንድ እውነተኛ ስኒ መድረክ ላይ ከወጣ የቀሩት በእጅ የሚሠሩ ስኒዎች በሙሉ ውሸት ይሆናሉ፤ ተመልካቹ «ያኛው ካለ ይኼኛው ለምን ጠፋ?» ማለት ይጀምራል።

መሰረዙንም አትፍሩት። ለምሳሌ ሽማግሌው ዱላ ይዘው ይገባሉ እንበል። ዱላው በእጅ የሚሠራ ከሆነ ተዋናዩ ትዕይንቱ እስኪያልቅ አንድ እጁን እንደጨበጠ ሊቀር ነው። ስለዚህ ወይ እንደገቡ ግድግዳ ያስደግፉት፣ ወይ ከነጭራሹ ዱላው ይቅር። በአንድ ትዕይንት ሦስት ዋና ዋና እቃ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ካለፈ የእጅ ሥራ እንጂ ቴአትር አይሆንም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ በእውነተኛው እቃ ሥሩ

ይኼን ደረጃ የሚዘል ቡድን ብዙ ነው፤ ውጤቱም መድረክ ላይ ወዲያው ይታያል። አንድን ሥራ መቻልና እጃችን ያንን ሥራ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይለያያሉ። ቡና ማፍላት የማትችል ተዋናይ ላይኖር ይችላል። ዘነዘናውን ስታነሳ ክርኗ የት ድረስ እንደሚደርስ የምታውቅ ግን የለችም፣ አስተውላው አታውቅማ።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ታፍላ። ቀስ ብላ። አንድ የቡድኑ አባል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይጻፍ። ቡናውን ስታጥብ ውኃውን በየት በኩል ደፋች? ስትቆላ የምታማስለው በየትኛው እጅ ነው፣ ሌላኛው እጇስ ምን ይሠራል? ጭሱ ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች ወይስ ፊቷን አዞረች? የተቆላውን እንግዶች እንዲያሸቱት ስታቀርብ ምጣዱን ምን ያህል ጎንበስ አደረገችው?

ጀበናው ላይ ደግሞ ቆም በሉ፤ ብዙ ነገር ያስተምራል። ሙሉ ጀበና ከባድ ነው፣ አንገቱም ቀጭን ስለሆነ ክብደቱ ያለው ከእጅ በታች ነው። የመጀመሪያው ስኒ ላይ ጀበናው ትንሽ ዘንበል ሲል ቡናው ይወርዳል። እየተቀዳ ሲሄድ እየቀለለ ይመጣል፣ የእጅ አንጓ ግን የበለጠ መታጠፍ አለበት፣ ቡናው ወደ ታች ወርዷልና። የመጨረሻው ስኒ ላይ ክርኗ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። አቦሉ አልቆ ውኃ ሲጨመርበት ጀበናው እንደገና ይከብዳል፣ ለቶና። ለበረካም እንደዚያው። አንድ ተዋናይት ይኼን ክብደት ከስኒ ስኒ መቀያየር ከቻለች ስለ ጀበናው ሌላ ምንም ማሳየት አይጠበቅባትም።

ስኒውም እንደዚያ። እጀታ የለውም፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ይፋጃል። ስለዚህ የሚቀበለው ሰው የስኒውን ከንፈር በጣቶቹ ጫፍ ይይዛል እንጂ በመዳፉ አይጨብጥም። ባዶውን ሲመልስ ግን እንደፈለገ ይይዘዋል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ሙሉና ባዶ ስኒ በእጅ አያያዝ መለየት አለበት።

ከዚያ እቃውን አንስታችሁ ወዲያው ድገሙት። ወዲያው ነው ያልኩት። እጅ ገና ሳይረሳ።

ደረጃ 3፦ መያዝና መልቀቅ

ጠላ የሚጠጣ ተዋናይ ብዙውን ጊዜ እጁን ጨብጦ ወደ አፉ ያመጣዋል። የተጨበጠ እጅ ውስጥ ደግሞ ብርጭቆ የሚገባበት ቦታ የለም። እቃው የማይታየው በዚህ ነው፤ ለእቃው ቦታ ስላልተተወለት።

ልምምዱ ይኼ ነው። እውነተኛ ብርጭቆ ያዙ። ጓደኛችሁ ከሥሩ ቀስ ብሎ ስቦ ያውጣው፣ እጃችሁ ግን እንዳለ ይቆይ። አሁን እጃችሁን ተመልከቱት። በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶች መሀል ያለው ክፍተት፣ ብርጭቆው ማለት እሱ ነው። ይኼን በብርሌ፣ በጣሳ፣ በማንኪያ፣ በምላጭ፣ በመጥረጊያ ድገሙት። ክፍተቱ ለእያንዳንዱ የተለየ ነው። እስክታስቀምጡት ድረስም መጥበብና መስፋት የለበትም።

ሁለተኛው ነገር የመንካት ቅጽበት ነው። እጅ እቃ ሲነካ ጣቶቹ አንድ አፍታ ጠበቅ ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ልካቸው ይመለሳሉ። ስትለቁም እንደዚያው፤ ጣቶቹ ይፈታሉ፣ እጁ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ ነው ወደ ሌላ ሥራ የሚሄደው። የሚረሳው መልቀቁ ነው። ስኒ ይዞ የነበረ ተዋናይ በዚያው እጁ አገጩን ሲያክ፣ ስኒው የት ገባ?

ስልክ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት ዘርግቶ ጆሮ ላይ መለጠፍ ምልክት ነው፤ «ደውልልኝ» ለማለት ከመንገድ ማዶ የምናሳየው። ገጸ ባህርይው የሚያወራው በምልክት አይደለም። መዳፉ ውስጥ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ነገር ያዙ፣ አውራ ጣታችሁ ማያው ላይ ይሥራ፣ ከዚያ ወደ ጆሮ።

ደረጃ 4፦ ክብደት በእግር ነው የሚታየው

20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። 20 ኪሎ ነገር በክንድ ብቻ አይነሳም። ፈረንሳዊው ኤትየን ደክሩ፣ የዝነኛው የማይም ተዋናይ የማርሴል ማርሶ መምህር የነበረው፣ በማይም ትምህርቱ አጥብቆ ከሠራባቸው ነገሮች አንዱ ይኼው ነው፤ ሰውነት የሌለን ክብደት የሚያሳየው ያንን ክብደት ለመሸከም የሚያደርገውን ሁሉ በማድረግ ነው።

ቅደም ተከተሉን በዝግታ እንየው። ወደ ጀሪካኑ ትጠጋላችሁ፣ እግር አጠገቡ ይቆማል። ጉልበት ይታጠፋል። እጅ እጀታውን ይጨብጣል። ገና አላነሳችሁትም። መጀመሪያ ሰውነት ይጠነክራል፣ ትንፋሽ ይያዛል። ከዚያ እግር ይገፋል፣ ጀሪካኑ ከመሬት ይላቀቃል። የያዘው ትከሻ ወደ ታች ይጎተታል፣ ወገብ ወደ ተቃራኒው ይዘነበላል፣ ባዶው ክንድ ሚዛን ሊጠብቅ ከጎን ራቅ ይላል። እርምጃው አጭር ይሆናል። በዚህ መሀል የምትናገሩት ቃለ ተውኔት ካለ ድምፃችሁም ተቆራርጦ ነው የሚወጣው።

ማስቀመጡ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ጉልበት፣ መሬት መንካት፣ ጣት መፍታት፣ መጨረሻ ላይ ትከሻው ወደ ቦታው መመለስ። ትከሻው ቀድሞ ከተመለሰ ጀሪካኑ አየር ላይ ቀለጠ ማለት ነው።

እንስራ ወይም ጀሪካን በጀርባ ከሆነ ሌላ ነው። ገመዱ ደረት ላይ ነው፣ ሰውነት ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ዓይን መሬት መሬት ያያል። ይኼን ደግሞ ከሚሠሩት ሰዎች ተማሩ። ጠዋት ቦኖው ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ አንዴ ተሸከሙ። የልምምድ ሳምንት ከሚያስተምራችሁ በላይ ያስተምራችኋል።

ቀላል እቃንም ቀላል አድርጉት። ደብዳቤ ሲነበብ እጃችሁ ከተወጠረ ጣውላ የያዛችሁ ነው የሚመስለው።

ደረጃ 5፦ ቦታው አይንቀሳቀስ

የቡድን ሥራ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። እናትየዋ ምድጃውን ቀኝ በኩል አድርጋ ስትሠራ ቆይታ ትወጣለች። ልጁ ይገባና በምድጃው ላይ ይራመድበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከንቱ ነው።

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት መሬቱ ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ሥሩት። ግድግዳው እዚህ፣ በሩ እዚህ፣ ምድጃው፣ መደቡ፣ የውኃ ጋኑ። ሁሉም ተዋናይ፣ ምድጃውን የማይነካው ጭምር፣ ካርታውን በቃሉ ይያዝ። መጀመሪያ በየቦታው ባዶ ሣጥን ወይም በርጩማ አስቀምጡ። ቀጥሎ አንሱትና በመስመሩ ብቻ ሥሩ። መጨረሻ ላይ መስመሩንም አጥፉት።

ከፍታውንም ልክ አድርጉት። ጠረጴዛውም በእጅ የሚሠራ ከሆነ የት ድረስ ነው? አንዷ እንብርቷ ላይ፣ ሌላው ደረቱ ላይ እቃ ካስቀመጡ ሁለት ጠረጴዛ አለ ማለት ነው።

እጅን አንድ ቦታ ላይ ለማጽናት የሚሆን ጥሩ ልምምድ አለ። እውነተኛ ግድግዳ ላይ መዳፋችሁን አሳርፉ። እጁ ሳይነቃነቅ ሰውነታችሁን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። አንድ ስንዝር ከግድግዳው ራቁና ያንኑ አድርጉ። መጀመሪያ እጁ ከሰውነት ጋር አብሮ ይሄዳል። በየቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ ብትሠሩ እሺ ይላል። በሩ፣ መስኮቱ፣ አጥሩ፣ የምትደገፉት ምሰሶ፣ ሁሉም የሚመጣው ከዚህ ልምምድ ነው።

በር በቀጥታ አይከፈትም። ማጠፊያ አለው፣ ስለዚህ እጅ ክብ እየሠራ ነው የሚሄደው፣ ሰውነትም ለበሩ ቦታ ይለቃል። ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? አንዴ ተስማሙ። የገጠር ቤት ከሆነ በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅሙ ተዋናይ በገባ በወጣ ቁጥር ጎንበስ ይበል። በችኮላም ቢሆን፣ በቁጣም ቢሆን። እንዲያውም ተቆጥቶ ሲወጣ ጎንበስ ማለቱን ካልረሳ ተመልካቹ ቤቱን ያምነዋል።

ምጣድም መሀል አለው። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነው። ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል ይፈሳል። ሁለተኛው እንጀራ ላይ ክቡ እንዳይጠብ ተጠንቀቁ፣ ቃለ ተውኔት ሲጨመር እጅ መሰነፍ ይወዳል። አክምባሎው ተነስቶ እንፋሎቱ ፊት ላይ ሲመጣ ደግሞ ራስ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ትንሽ ብቻ፣ ልማድ ነውና።

ደረጃ 6፦ ዓይን ይቅደም

ተመልካች እጃችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን ነው የሚከተለው። ዓይናችሁ መደርደሪያው ላይ ሲያርፍ መደርደሪያው ይኖራል። ከዚያ እጅ ይሄዳል። ከያዛችሁት በኋላ ግን ዓይናችሁ ወደምታነጋግሩት ሰው ይመለስ። ጀማሪ ተዋናይ እቃው እንዳይጠፋበት እየሰጋ ሲያፈጥበት ይቆያል። እናት ግን ወጥ እያማሰለች ማማሰያውን አትመለከትም። ልጆቿን ነው የምትመለከተው።

አዲስ ነገር፣ ውድ ነገር፣ የሚያስፈራ ነገር ሲሆን ዓይን ይቆያል። የዘወትር ነገር ሲሆን ወዲያው ይለቃል። ይኼ ልዩነት ራሱ ታሪክ ይናገራል።

ደረጃ 7፦ ከሰው ወደ ሰው

እቃ ሲቀባበሉ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ የማይታይ ነገር መስማማት አለባቸው። ለዚህ ከእጅ ማስታጠብ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

እንግዳው ትልቅ ሰው ናቸው። ልጅቷ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ሳፋ ይዛ፣ ፎጣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ትመጣለች። ጎንበስ ትላለች። እሳቸው እጃቸውን ሳፋው ላይ ይዘረጋሉ። አሁን ማን ይምራ? እጆቹ ይምሩ። የሳቸው መዳፍ ሲገናኝ የእሷ አንጓ ይዘነበላል። ሲያሹ ውኃውን ቆጠብ ታደርጋለች። «ትንሽ ጨምሪልኝ ልጄ» ሲሏት ትጨምራለች። «ይበቃል፣ ተባረኪ» ሲሉ አንጓዋ ቀና ይላል፣ እሳቸውም በዚያው ቅጽበት እጃቸውን አራግፈው ወደ ፎጣው ይዘረጋሉ። ሳፋው አሁን ውኃ ይዟል፣ ስለዚህ ወደ ቀጣዩ ሰው ስትሄድ እርምጃዋ ለስለስ ይላል፣ እንዳይፈስ። በታላቅ ተጀምሮ ወደ ታናሽ ነው የሚኬደው፤ ያንን ቅደም ተከተል ካዛባችሁት ተመልካቹ ከውኃው ይልቅ ነውሩን ነው የሚያየው።

ይኼን ያለ ምንም ቃል አጥኑት። ሁለቱ ሳይነጋገሩ እኩል ሲጀምሩና እኩል ሲያቆሙ፣ ስኒ ማቀበልም ብር መቁጠርም ሕፃን ማሳቀፍም ቀላል ይሆንላቸዋል። ሲቀባበሉ አንድ ሕግ አለ፤ ሰጪው የተቀባዩ እጅ እቃውን አጥብቆ እስኪይዝ ድረስ አይልቀቅ። ለአንድ አፍታ እቃው በሁለት ሰው እጅ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ሥራውና ንግግሩ ይገናኙ

እስካሁን ያለው ሁሉ ዝግጅት ነበር። በባዶ እጅ የመሥራት ጥቅሙ የሚገለጠው እዚህ ነው።

እናት ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ጠጠሩን በሁለት ጣት ታነሳለች፣ ወደ ግራ ትጥላለች፣ ደግማ ታነሳለች። ልጇ ይገባል። ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። እጇ አላቆመም። ከዚያ ልጁ «ነገ አዲስ አበባ ልሄድ ነው እማዬ» ይላል። እጇ አየር ላይ ይቀራል፣ በጣቶቿ መሀል ጠጠር አለ። ምንም አትልም። ጠጠሩን ትጥለዋለች። መልቀሟን ትቀጥላለች፣ አሁን ግን በፍጥነት፣ ሳታይ። ጠጠር ይሁን ምስር አትለይም። «ስንቅ ላዘጋጅልህ ነዋ» ትላለች።

ይኼ ትዕይንት በእውነተኛ ሰፌድ ቢሠራ ተመልካቹ ምስሩን ያይ ነበር። ሰፌዱ ስለሌለ የሚያየው ጣቷን ብቻ ነው፣ ጣቷ ደግሞ ልቧ ነው። ስለዚህ ድርሰቱን ስታጠኑ በየንግግሩ ጎን ጻፉ፤ እጄ የት ይቆማል? የት ይፈጥናል? የት ቦታ ይስታል? ይኼን ሳይወስኑ ሥራውንና ንግግሩን ማደባለቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ሲለማመዱም በደረጃ ነው። መጀመሪያ ሥራው ብቻ፣ ያለ ንግግር። ቀጥሎ ንግግሩ ብቻ፣ እጅ ጭን ላይ። ከዚያ ሁለቱ አብረው በጣም በዝግታ፣ መጨረሻ ላይ በልኩ።

ስለ ድምፅና ስለ እንስሳት

ድምፅ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፤ ምንም ድምፅ አለማውጣት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው መመደብ፣ ወይም ተዋናዩ ራሱ በአፉ ማሰማት። ሦስተኛውን አልወደውም፣ ወደ ቀልድ ይጎትታል። ሁለተኛው ያምራል፣ ሙቀጫው ሲወቀጥ ከጀርባ እንጨት በእንጨት ማስመታት ይቻላል፣ ግን የሚመታው ሰው ተዋናይቷን ማየት አለበት። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ድምፅ ከነጭራሹ ካለመኖሩ ይብሳል። ጊዜ ከሌላችሁ ዝምታውን ምረጡ።

እንስሳ ደግሞ የራሱ ፈቃድ ያለው እቃ ነው። በቻይናው የፔኪንግ ኦፔራ ተዋናዩ አለንጋ ብቻ ይዞ ፈረስ መጋለቡን ያሳያል፣ ተመልካቹም ቋንቋውን ያውቀዋል። እኛ አለንጋም ስለሌለን ፈረሱን የምናሳየው በልጓሙ ነው። የሚጎተተው ፈረሱ ብቻ አይደለም፣ ሰውዬውም ይጎተታል። ክንዱ ከሰውነቱ ቀድሞ ወደ ፊት ይሳባል፣ ከዚያ እግሩ ይከተላል። አንገቱን ሲያሻሹት ሁልጊዜ አንድ ከፍታ ላይ ነው። ፈረሰኛ በደንብ ማየት ለሚፈልግ እንጅባራ ቅርብ ነው፣ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር ወር በዓላቸውን የሚያከብሩት እዚያ ነው። ከኮርቻ ሲወርዱ ቀድሞ የሚወጣው የትኛው እግር እንደሆነ፣ እርካቡን እንዴት እንደሚለቁት ተመልከቱ። መድረክ ላይ ግን አትጋልቡ። ወርዳችሁ ግቡ፣ ልጓሙን ይዛችሁ።

ፈተናው

ከዝግጅቱ ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ስልካችሁን አዳራሹ መጨረሻ ላይ አቁማችሁ ቅረጹ። ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ ድርሰቱን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። «እጇ ላይ ምን ነበር? የት አስቀመጠችው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ከዚያ ሥራውን የሚሠራ ሰው ጥሩ። ለእርሻው ገበሬ፣ ለቡናው ቡና የሚያፈሉ እናት። እነሱ የሚያርሟችሁን የቴአትር መምህር አያርማችሁም። ሲያርሟችሁ አትከራከሩ፣ «እስኪ ያሳዩኝ» በሉና እጃቸውን ተመልከቱ።

የዝግጅቱ ቀን

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ተመልካቹን ሕጉን ለማስተማር ተጠቀሙበት። ዋይልደር ለተመልካቹ በቀጥታ የሚናገር ሰው መድረክ ላይ አቁሟል፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ እሱ ያሳያል። በእኛ ቴአትር ይኼን ሥራ አንድ አዝማሪ ቢይዘው እንዴት ያምር ነበር። ተራኪ ከሌላችሁ የመጀመሪያው ሥራ ቀላልና ግልጽ ይሁን፤ በር መክፈት ወይም ውኃ ቀድቶ መጠጣት፣ ሳይቸኩሉ።

ልብስ እጅን እንዳይሸፍን። ጋቢ የለበሰው ሰው አንዱን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣል ያድርግና ክንዱን ነፃ ያውጣ። መብራቱ ከላይ ብቻ ከሆነ መዳፍ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ከፊት ለፊት አንድ መብራት ለምኑ። መብራት ቢጠፋና በባትሪ ብትቀጥሉ ባትሪው ፊትና እጅ ላይ ይሁን።

አንድ ሰው ቢሳሳትስ? በማይታየው ጠረጴዛ መሀል ቢያልፍ? አትሳቁ፣ አትደንግጡ፣ ለማረምም አትሞክሩ። ቀጥሎ የሚመጣው ተዋናይ ጠረጴዛውን ዞሮ ይሂድ፣ እጁንም ዳሩ ላይ አሳርፎ ይለፍ። ጠረጴዛው ይመለሳል። ተመልካች ይቅር ባይ ነው፣ የቀሩት ሁሉ ካመኑበት።

ስትወጡም እቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። መድረኩ ዳር ስትደርሱ እጃችሁ እንዳይፈታ። ጀሪካኑ የሚቀመጠው ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት አራት እርምጃ ከገባችሁ በኋላ ነው፣ ከጎን በኩል ሆኖ የሚያይ ሰው ሁልጊዜ አለና።